ቫይዘር ለጥፌ ያ "ውብ ውብ" ድምፅ ጠፋ ወይ?

እንዳትደክሙ ፍርዱን ከላይ ልበለው። ከመኪና መስኮት በላይ የሚለጠፈውን ጥቁር ፕላስቲክ፣ ቫይዘር የምንለውን፣ አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ዲፍሌክተር የሚለውን ማለቴ ነው፣ አራቱም በር ላይ ለጥፌ ብዙ ነድቼበታለሁ። ለዝናብ አሪፍ ነው። የፊት መስኮት ትንሽ ከፍቶ ለመንዳትም አሪፍ ነው። የኋላ መስኮት ሲከፈት ለሚመጣው ጆሮ ደብዳቢ ነገር ግን እምብዛም አይረባም፣ የሚያናድደው ደግሞ ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው "የንፋስ ድምፅ ያጠፋል" የሚል ነው፣ ሰውም የሚገዛው ይሄንን አምኖ ነው። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፣ ከ3ቱ ሁለቱ የዝናቡ ናቸው።

የቱን ድምፅ እንደምለው እንግባባ። ሁለት አይነት የንፋስ ድምፅ አለ፣ ብዙ ሰው ግን ያምታታቸዋል፣ ሻጮችም እያወቁ ያምታታሉ። አንደኛው ሽሽሽ የሚለው ነው፣ ሁሌ ያለ፣ መስኮት ከተከፈተ የሚጨምር፣ ከተዘጋ የሚቀንስ፣ ፍጥነት በጨመራችሁ ቁጥር አብሮ የሚጨምር። ሁለተኛው ውብ ውብ ውብ የሚለው ነው። ይሄኛው በጆሮ ከሚሰማው በደረት የሚሰማው ይበልጣል። ሁሉም መስኮት ተዘግቶ ከኋላ አንዱ ብቻ ሲከፈትና መኪናው የሆነች ፍጥነት ላይ ሲደርስ ድንገት ይጀምራል፣ የመኪናው አየር በሙሉ ይርገበገባል፣ ጆሮ ይደፈናል ይከፈታል ይደፈናል፣ መስኮቱን ትንሽ መለስ ስታደርጉት ወይ ፍሬን ነካ ስታደርጉ ደግሞ እንዳልነበረ ይጠፋል። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ አየር ልታገኝ መስኮቱን እስከ ታች ለቃው ነገርዬው ሲጀምር ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጭና "ኧረ ልጄ አቁመው፣ ጎማው ሊፈነዳ ነው" ብላ ጮኸች። "እማ ንፋስ ነው፣ ትንሽ ወደ ላይ መልሺው" አልኳት፣ መለሰችው፣ ጠፋ፣ እሷ ግን እስክንደርስ ድረስ "ይሄ መኪና የሆነ ነገር አለበት" ከማለት አላረፈችም። መኪናው ምንም የለበትም እንግዲ፣ አዲስም ውድም መኪና ላይ ያለ ነገር ነው፣ እንደውም አዲስ ላይ ይብሳል፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ቫይዘሩ የት ጋ እንደሚሰራ የት ጋ እንደማይሰራ እንዲገባችሁ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለባችሁ፣ እንጂ ፊዚክስ ላስተምር ብዬ አደለም። መኪናው ሲሄድ አየሩ በጎን በኩል ላሜራውን ታክኮ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የተከፈተ መስኮት ጋ ሲደርስ የሚታከከው ነገር ያጣል፣ ከክፍቱ የፊት ጠርዝ ላይ ይላቀቅና እየተጠቀለለ አዙሪት ይሰራል። አዙሪቱ ክፍቱን ተሻግሮ የኋላውን ጠርዝ ሲመታ አየር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ውስጥ ያለው አየር ይታመቅና መልሶ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ያ ግፊት ደግሞ የፊት ጠርዙ ላይ ያለውን ቀጣዩን አዙሪት ልክ በሰዓቱ እንዲላቀቅ ይረዳዋል። በቃ ክብ ገባ ማለት ነው፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ እያጎላው ይሄዳል። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፉ ቡቡቡ የሚለው ያው ይሄ ነው፣ ካቢኑ፣ ማለትም የመኪናው ውስጥ፣ ጠርሙሱ፣ መስኮቱ አፉ። የሳይንሱ ሰዎች ሄልምሆልትዝ ሬዞናንስ ይሉታል፣ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በሚባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ስም፣ ሰውዬው በነበረበት ጊዜ መኪና የሚባል ነገር ገና ስላልተስፋፋ የኛን ጆሮ አስቦ አልነበረም።

አሁን ቁጥሩን አብረን እንስራው፣ ቀላል ነው። በ90 ስትነዱ አየሩ በሰከንድ 25 ሜትር ያልፋችኋል። አዙሪቶቹ ክፍቱን የሚያቋርጡት በግምት በዛ ፍጥነት ግማሽ ነው፣ 12 ሜትር ተኩል እንበል። የኋላ መስኮት ክፍት ርዝመቱ 70 ሳንቲሜትር አካባቢ ቢሆን በሰከንድ ወደ 18 አዙሪት የኋላውን ጠርዝ ይመታል፣ 18 ሄርዝ ማለት ነው። የአብዛኛው መኪና ካቢን ደግሞ ራሱ መርገብገብ የሚወደው ከ15 እስከ 20 ሄርዝ ባለው አካባቢ ነው። ተገናኙ! ሰው በጆሮው መስማት የሚጀምረው ከ20 ሄርዝ አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ ነው እንደ ድምፅ ሳይሆን እንደ ግፊት የሚሰማን። በ40 ስትነዱ ያው ስሌት 8 ይሰጣችኋል፣ ካቢኑ አይመልስለትም፣ ዝም። 130 ላይ ደግሞ ወደ 26 ይሄዳል፣ ሽሽታው ያደነቁራችኋል እንጂ ውብ ውብታው ብዙ ጊዜ አልፏል። ስለዚ ድምፁ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚብስ ሳይሆን የሆነች ፍጥነት ጠብቆ የሚመጣ ነው፣ የመኪናው ስፋት፣ የመስኮቱ ርዝመት፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ብዛት ሳይቀር ያንን ፍጥነት ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። ሲብስ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በላይ ይወጣል፣ 120 አካባቢ የሚደርስበትም ጊዜ አለ።

ይሄን ካወቃችሁ የፊት መስኮት ለምን ብዙ እንደማይደበድብ ይገባችኋል። ከፊት መስኮቱ ፊት ለፊት የንፋስ መስታወቱ ምሰሶ አለ፣ ስፖኪዮውም እዛው ነው፣ አየሩ መስኮቱ ጋ ሳይደርስ በነሱ ተበጣጥሶ ተዘበራርቆ ነው የሚመጣው። የተዘበራረቀ አየር ይጮሃል ግን ተራ ጠብቆ አይመታም። የኋላ መስኮት ጋ ሲደርስ ግን የፊት በሩን ለስላሳ ጎን ታክኮ ተስተካክሎ ነው፣ ከዛ በፊትና በኋላ በር መካከል ካለው መሀለኛው ምሰሶ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ ተራ በተራ ይላቀቃል። ይሄን ጠርዝ ልብ በሉልኝ፣ የሪቪውዬ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ወደ እቃው።

የገዛሁት ከላይ በደብል ቴፕ የሚለጠፈውን አይነት ነው፣ አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ፣ ጥቁር ጭስ ቀለም። ሌላው አይነት መስኮቱ የሚንሸራተትበት ጎሚኒ ውስጥ የሚሰካው ነው። የሚሰካው ከውጭ ሲታይ ያምራል፣ ወጣ ብሎ አይታይም፣ ቴፕም አይፈልግም፣ ነገር ግን አንዴ ተጫን ስትሉት ራሱ እስከ ላይ የሚዘጋ መስኮት ካላችሁ ተጠንቀቁ፣ መስታወቱ ወደ ላይ ሲመጣ ፕላስቲኩ ይነካዋል፣ ሞተሩ የልጅ እጅ ያዘ ብሎ ያስብና መልሶ ያወርደዋል። ጓደኛዬ መኪና ላይ አይቼዋለሁ፣ መስኮቱ ይወጣል ይወጣል ጫፍ ሊደርስ ሲል ተመልሶ ይወርዳል፣ እሱ ቁልፉን ይጫናል መስኮቱ ይወርዳል፣ የምር አስቂኝ ነበር፣ ለሱ ግን አልነበረም። ብዙ መኪና ላይ ቁልፉን ወደ ላይ ይዞ ትንሽ በማቆየት መስኮቱ የት ድረስ እንደሚወጣ እንደገና ማስተማር ይቻላል፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፣ ግን ፕላስቲኩ ወፍራም ከሆነ እሱም አይፈታውም። ስለዚ እኔ የሚለጠፈውን መረጥኩ፣ በዚህ አልቆጭም።

ሲለጠፍ የሚያስቸግር ነገር የለውም፣ ትዕግስት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ ሳትልጡት አስቀምጡትና መስኮቱን እየከፈታችሁ እየዘጋችሁ በሩንም እየከፈታችሁ ጣሪያው ጋ እንደማይጋጭ እዩ፣ ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ከዛ የበሩን ጫፍ በአይሶፕሮፒል አልኮልና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ መጥረግ ነው፣ ሰም ወይ ፖሊሽ የተቀባ መኪና ከሆነ ደግማችሁ ደጋግማችሁ፣ ቴፑ የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ሰሙን ከሆነ ነገ መንገድ ላይ ትተዉታላችሁ። ከኔው ጋር የመጣው የስሪኤም ቪኤችቢ የሚባለው አክሪሊክ ቴፕ ነበር፣ ይሄ ቴፕ የሚይዘው ሙቅ ሲሆን ነው፣ ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ብርድ ላይ ከሆናችሁ የፀጉር ማድረቂያ አምጡ። ስትለጥፉት ደግሞ አስቀምጦ መሄድ አይሆንም፣ ሙሉ ርዝመቱን በአውራ ጣት በደንብ ተጫኑት፣ ቴፑን የሚያሰራው ጫናው ነው። ከለጠፋችሁ በኋላ በአንድ ቀን አብዛኛውን ጉልበቱን ያገኛል፣ ሙሉ በሙሉ ለመያዝ ግን 72 ሰዓት ነው፣ እስከዛ መኪና እጥበት የለም፣ ፈጣን መንገድም የለም፣ መስኮቱንም ባትነኩት ደስ ይለዋል። በኋላም ቢሆን እጥበት ቤት የሚረጩበትን ባለ ግፊት ውሃ የቴፑ ጫፍ ላይ አስጠግተው እንዳይለቁበት ንገሯቸው፣ አንዴ ጫፉ ቀና ካለ ከዛ በኋላ ንፋሱ ራሱ ይጨርሰዋል።

ጥራቱ ደህና ነው። ጫፎቹ የተላጉ ናቸው እጅ አይቆርጡም፣ የበሩን መስመር በደንብ ይከተላሉ፣ የቀኝ ኋላው ብቻ ጫፉ ላይ ትንሽ ክፍተት ነበረው፣ ሙቀት ሰጥቼ ስጫነው ገባ። ፀሐይ ላይ ብዙ ቆሟል፣ ቀለሙ እስካሁን አልነጣም። በደረቅ ጨርቅ ከጠረጋችሁት ግን ወዲያው ይጫጫራል፣ አክሪሊክ ነው ምን ታደርጉታላችሁ፣ ውሃ ሳይነካው አትንኩት።

የፊቶቹ እንዴት ሆኑ? ዝናብ እየዘነበ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፍቶ መንዳት ይቻላል፣ ጠብታ አይገባም፣ መስታወቱ በትንፋሽ አይጨልምም፣ ኤሲ ማብራት አያስፈልግም። ፀሐይ ላይ ቆሞም ትንሽ ከፍቶ መተው ይቻላል፣ ከውጭ ክፍት መሆኑ ብዙም አያስታውቅም። ቫይዘሩ ከመስኮቱ የፊት ማዕዘን ጀምሮ ወደ ታች ትንሽ ስለሚወርድ አየሩን ከክፍቱ ራቅ አድርጎ ያሳልፈዋል፣ ስለዚ በትንሽ ክፍት መስኮት ከተማ ውስጥ ስትነዱ ሽሽታው በግልፅ ይቀንሳል፣ ስልክ በስፒከር ማውራት ይቻላል፣ ድሮ "ምን አልክ? ምን አልክ?" ነበር። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

መስኮቱን እስከ ግማሽ ካወረዳችሁት ግን ፕላስቲኩ የሚሸፍነው የላይኛዋን ትንሽ ብቻ ነው፣ ከሷ በታች ያለው ያው እንደ ድሮው ነው። አንድ አዲስ ድምፅም አምጥቷል፣ ይሄን ማሸጊያው ላይ አልጻፉትም፣ ሁሉም መስኮት ተዘግቶ ከ100 በላይ ስትሄዱ ከሹፌሩ ጆሮ አጠገብ ቀጭን ሲሲሲ የምትል ነገር አለች። ኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰው ይበልጥ ይሰማዋል ብዬ እገምታለሁ፣ የሚሸፍናት የሞተር ድምፅ የለማ። ረጅም ሹፌር ከሆናችሁ ደግሞ ወደ ጎን ስታዩ ጥቁሩ ፕላስቲክ ዓይናችሁ ትክክል ላይ ይመጣል፣ ማታ ያስጠላል። ቀለም የሌለው ቢኖር እሱን ውሰዱ።

የኋላዎቹ ጋ ስንመጣ ነው ነገር የሚበላሸው። መስኮቱ ሦስት አራት ሳንቲሜትር ብቻ ሲከፈት ውብ ውብታው የለም፣ ጥሩ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ያለ ቫይዘሩም እዛ ላይ ብዙ አይደበድብም ነበር። ግማሽ ድረስ ሲወርድ ድምፁ አለ፣ ድሮ ከሚጀምርበት ፍጥነት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይጀምራል፣ ጉልበቱም በመጠኑ የቀነሰ ይመስላል። እስከ ታች ሲወርድ ግን ምንም ለውጥ የለም፣ ደረት ላይ ያርፋል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው "ዝጋው ዝጋው" ይላል። ለምን? ያ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ጠርዝ ነው። አዙሪቱ የሚላቀቀው ከመሀለኛው ምሰሶ፣ ከቀጥተኛው ጠርዝ ላይ ነው፣ የኋላ ቫይዘር ደግሞ የሚለጠፈው ከላይ ጣሪያው ጋ ነው። በር ሳይሆን መስኮት ላይ ዘበኛ ማቆም አይነት ነገር ነው። አየሩን እዛ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ የሚበጣጥስ፣ ቁመቱን ተከትሎ የሚለጠፍ ቁራጭ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፣ እንደዛ አይነት ቁራጭ የሚሸጥላቸው መኪናዎችም አሉ፣ ይሄ እንደ አንድ ስብስብ የሚሸጠው አራት ፍሬ ግን እሱን አይዝም።

ለሻጩ ጻፍኩለት። "በትክክል ስላልተለጠፈ ይሆናል" የሚል መልስ መጣ፣ ፎቶ ላኩ፣ ከዛ "ደንበኛችን፣ ምርቱ የንፋስ ድምፅን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም" አሉኝ። ማሸጊያው ላይ ግን ያጠፋል ነው የሚለው፣ የማሸጊያውን ፎቶ ስልክላቸው ዝም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌሎች ሪቪዎች ላይ ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ አፕ ፎቶ እየለጠፉ "ከመለጠፉ በፊት 78፣ ከተለጠፈ በኋላ 74፣ ይሰራል!" የሚሉ አሉ። እኔም ሞከርኩት፣ ጆሮዬ እየተደፈነ አፑ ግን መደበኛ መንገድ ነው የሚለኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ እነዚህ አፖች አብዛኞቹ የሚለኩት ዲቢ ኤ በሚባለው ሚዛን ነው፣ ይሄ ሚዛን የሰው ጆሮ ብዙ የማይሰማውን ወፍራም ድምፅ ሆን ብሎ ይቀንሳል፣ 20 ሄርዝ ላይ ያለውን ድምፅ ወደ 50 ዴሲቤል ያህል ይቀንስበታል። የስልክ ማይክም የተሰራው ለንግግር ነው፣ እንደዛ ወፍራም ድምፅ በደንብ አይዝም። ማለትም 110 የሆነ ድብደባ አፑ ላይ 60 ሆኖ ከሽሽታው ስር ተደብቆ ያልፋል። ስለዚ እነዛ ፎቶዎች የሚያሳዩት ሽሽታው መቀነሱን ነው፣ እሱን ደግሞ እኔም አልካድኩም። ስለ ውብ ውብታው ምንም አይነግሯችሁም። ከጆሮ ጤና አንፃር ግን ሽሽታውም ቀላል አደለም፣ የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ ለ8 ሰዓት ያስቀመጠው ልክ 85 ዲቢ ኤ ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ደግሞ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2። ቀኑን ሙሉ መስኮት ከፍታችሁ በፍጥነት የምትነዱ ሰዎች ይሄን አስቡት፣ መስኮቱ ጋ ያለው ጆሯችሁ ነው የሚቀበለው።

ታዲያ ለውብ ውብታው ምን ይሻላል ካላችሁ መፍትሔው ነፃ ነው፣ ሌላ መስኮት መክፈት። ከኋላ በቀኝ የተቀመጠው ሰው ከከፈተ እናንተ ከፊት በግራ ያለውን አንድ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ወዲያው ጭጭ ይላል። ካቢኑ ሲታመቅ ግፊቱ የሚያመልጥበት ሁለተኛ ቀዳዳ ስላገኘ ክቡ ይበጠሳል፣ በአንዱ የገባው በሌላው ይወጣል። ሰያፍ ሲሆን ደግሞ አየሩ መኪናውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ከኋላ ላለው ሰውም ንፋሱ ይደርሰዋል። ሌላ መስኮት መክፈት የማይፈልግ ሰው ካለ ፍጥነቱን 10 ወይ 15 ኪሎ ሜትር ቀነስ ወይ ጨመር ማድረግም ይሰራል፣ መንገዱና ሕጉ ከፈቀደ ማለቴ ነው፣ ከድምፅ ለመሸሽ ብሎ እግሩን የሚጭን እንዳይኖር። የኋላውን መስኮት ግማሽ መመለስ አንዳንዴ ይሰራል አንዳንዴ ግን ያብሰዋል፣ ምክንያቱም የክፍቱ ስፋት ሲቀየር ካቢኑ የሚወደውም ድምፅ አብሮ ይቀየራል፣ አሁን ባላችሁበት ፍጥነት ላይ ልክ ሊገጥም ይችላል። ልጆች ከኋላ ከሆኑ ሹፌሩ ጋ ባለው ቁልፍ የነሱን ቆልፎ ራስ መቆጣጠር ነው፣ አለበለዚያ ያ ድምፅ አንዴ ከጣማቸው መጫወቻ ነው የሚሆነው፣ ውብ፣ ዝም፣ ውብ፣ ዝም፣ ጭንቅላታችሁ ይዞራል።

አዲስ መኪና ላይ ለምን ይብሳል ያልኩትን ልመልስ። የድሮ መኪና ጎሚኒው ያረጀ ነው፣ በሩ ያፈሳል፣ ወለሉ ያፈሳል፣ ግፊቱ በየስንጥቁ ያመልጣል፣ ጎኑም ጎርባጣ ስለሆነ አየሩ ተዘበራርቆ ነው የሚመጣው። አዲሱ ግን በጣም የታሸገ ነው፣ ጎኑ ለስላሳ ነው፣ ነዳጅ ለመቆጠብና መኪናው ፀጥ እንዲል ብለው የሰሩት ሁሉ አንድ መስኮት ሲከፈት ለዚህ ድምፅ ይመቸዋል። ሰንሩፍ፣ ማለትም ጣሪያው ላይ የሚከፈት መስኮት፣ ያላችሁ ደግሞ ሲከፈት ከፊት ጠርዙ ብድግ የምትል ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትንሽ ክንፍ ወይ መረብ ነገር። እሷ ሥራዋ ይሄ ብቻ ነው፣ አዙሪቱ የሚላቀቅበት ትክክለኛው ጠርዝ ላይ ቆማ አየሩን መበጣጠስ። ብዙ መኪና ላይ ደግሞ ሰንሩፉን አንዴ ተጭናችሁ ስትለቁት ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ትንሽ ቀርቶት የሚቆመው ተበላሽቶ አደለም፣ ድብደባው የማይመጣበት ቦታ ላይ እንዲቆም ተደርጎ ነው፣ ደግማችሁ ስትጫኑት ነው እስከ መጨረሻው የሚሄደው። ይሄ ማለት ፋብሪካዎቹ የት ጠርዝ ላይ ምን መደረግ እንዳለበት ያውቁታል፣ ለጣሪያው አድርገውታል፣ ለኋላ መስኮት ሲሆን ግን ጎኑ ላይ ቀንድ የወጣለት መኪና ማን ይገዛል ብለው ነው መሰለኝ ትተውታል።

ስለዚ ዝናብ የሚበዛበት ቦታ የምትኖሩ፣ መስኮት ትንሽ ከፍታችሁ መንዳት የምትወዱ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የምትጭኑ፣ የፊቶቹን ሁለቱን ብቻ ለይቶ የሚሸጥ ካገኛችሁ ግዙ። አራት ፍሬውን ብቻ ነው የምሸጠው ካላችሁ ዋጋው ላይ ተከራከሩ፣ ወይ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

እኔ የኋላዎቹን ላነሳቸው ነው፣ አንዱን አንስቻለሁ። ለሚፈልግ፣ በጉልበት እንዳትጎትቱት፣ ፕላስቲኩ ይሰበራል ወይ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። በፀጉር ማድረቂያ ከጫፍ ጀምሮ ቴፑን በደንብ አሙቁት፣ ከዛ የጥርስ ማጽጃ ክር ወይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከኋላው አስገብታችሁ በሁለት እጅ ወዲያ ወዲህ እየሳባችሁ ቁረጡት፣ ፎሙ ለሁለት ይከፈላል። በሩ ላይ የሚቀረውን በአውራ ጣት እያንከባለላችሁ አንሱት፣ ሙቅ እያለ ቢሆን ይቀላል፣ መጨረሻ የቀረውን ሙጫ በአልኮል። ቢላ እንዳታቀርቡ። ከስሩ ያለው ቀለም ከአካባቢው ትንሽ ያብረቀርቃል፣ ፀሐይና አቧራ ስላልነካው ነው፣ ከታጠበና ፖሊሽ ከተደረገ በኋላ እኔው ላይ አይለይም።